መልስ፦ የመቃብር ዕቃ የሟቹን ወገን ይናገራል ወይ?

«ከመቃብር በወጣ ዕቃ ብቻ ሟቹ ከየትኛው ሕዝብ እንደሆነ መለየት ይቻላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ በዕቃ ብቻ አይቻልም ባይ ነኝ። ከጥንት የጀርመን ነገዶች አንዱ የሆኑትን የፍራንኮችን ንጉሥ ቺልደሪክን ይመልከቱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ481 ወይም በ482 ሞቶ ዛሬ በቤልጅግ በምትገኘው ቱርኔ ተቀበረ፤ መቃብሩም በ1653 በአጋጣሚ ተገኘ። በወርቅና በቀይ ዕንቁ ያጌጠ ሰይፍ ወጣ። የካባው የወርቅ መቆለፊያ ግን የሮማ ሹማምንት ትከሻቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የማኅተም ቀለበቱ ነው። ጸጉሩ እስከ ትከሻው የወረደ ሰው ጦር ይዞ ይታያል፤ ረጅም ጸጉር የፍራንክ ነገሥታት ምልክት ነው። የለበሰው ግን የሮማ የጦር አለቃ ልብስ ነው፤ ጽሑፉም በላቲን «የንጉሥ ቺልደሪክ» ይላል። ይህን ሰው ፍራንክ ወይስ ሮማዊ እንበለው? እኔ እንደማምነው እርሱ ራሱ መምረጥ አላስፈለገውም፤ ለወገኖቹ ንጉሥ፣ ለሮማውያኑ ሹም ነበር።

ደግሞም ሟች ራሱን አይገንዝም። መቃብሩ ውስጥ የሚገባውን የሚመርጡት ቀባሪዎቹ ናቸው፤ እዚህ ላይ ወራሹ ልጁ ክሎቪስ ሥልጣኑን ለሕዝብ ያሳየበት ይመስለኛል።

ቀለበቱ በ1831 ከፓሪስ ተሰርቆ ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናየው ቅጂውን ነው። ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።