መርታትና መረዳት

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ከእህቴ ባል ጋር በተገናኘን ቁጥር በመሬት ጉዳይ እንከራከራለን። እሱ ገበሬው መሬቱን መሸጥ መለወጥ ሊፈቀድለት ይገባል ይላል፤ እኔ በፍጹም አይገባም እላለሁ። እሱ የባለርስት ልጅ ሲሆን፣ የእኔ አባት ግን የምርቱን ግማሽ ለባለመሬቱ የሚሰፍር እኩል አራሽ ጭሰኛ ነበር። በፋሲካ ዕለት ቡናው ቶና ሳይደርስ ተኳርፈን ተለያየን። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሳይጣሉ መነጋገር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ቀደምቶቻችን «በላ ልበልሃ» እያሉ የሚሟገቱት በዳኛ ፊት ቆመው ነበር፤ ተሟጋቹ የባላጋራውን ቃል የሚያዳምጠው የሚረታበትን ቀዳዳ ፍለጋ ሲሆን፣ እውነቱን የመለየቱ ሸክም የዳኛው ነበር። በእናንተ ረከቦት ዙሪያ ግን ዳኛ ስለሌለ፣ ሁለታችሁም ለመርታት ብቻ ከተቀመጣችሁ እውነቱን የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ይታጣል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁን ነገር እግረ መንገድዎን ነው የጠቀሱት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ለአባትዎ ቤት የምሥራች የነበረው ቃል በአማችዎ ቤት ከአያት የወረደ ርስት የተነጠቀበት መርዶ ሆኖ ሲነገር ኖሮ ሊሆን ይችላል። እሱ «ይሸጥ» ሲል እርስዎ የባለመሬቱ መመለስ ይታይዎታል፤ እርስዎ «አይሸጥ» ሲሉ እሱ ዳግመኛ መነጠቁን ይሰማል። ይህን ተነጋግራችሁበት ታውቃላችሁ?

በሚቀጥለው ጊዜ መልስ ከመስጠትዎ በፊት የእሱን ሐሳብ፣ ሳያሳንሱና ሳያጣምሙ፣ በራስዎ አንደበት ይናገሩለትና «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ይታገሡ። ባይስማሙበትም እንኳ ይህን ያህል ዕዳ አለብዎት ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ልዩነታችሁ ካሰባችሁት ጠብቦ ታገኙታላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የመሬት ሽያጭን ቢከለክልም፣ ገበሬው ይዞታውን በሕግ ማከራየትና ለልጆቹ ማውረስ ይችላልና፣ የሚቀረው ጥያቄ ዝናብ በቀረበት ዓመት የተቸገረ ገበሬ መሸጥ ቢፈቀድለት ሸጦ ይሰደዳል ወይስ በገንዘቡ ሌላ ኑሮ ይጀምራል የሚለው ነው። የሚያርሱ ዘመዶች ካሏችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ ይህንን ጠይቋቸው፤ የሚሰሙት መልስ የእርስዎን ሐሳብ የሚያፈርስ ከሆነም ለአማችዎ ሳይደብቁ ይንገሩት።