ዋናው ነገር ዋና ነው

በዚህ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ባህር ውስጥ ገብቶ ሰርፈር ፎቶ ማንሳት። ሰርፈር የምለው ቦርድ ላይ ቆሞ ሞገድ የሚጋልበውን ሰው ነው። ይህን ያህል ሰው በአንዴ ይጠይቀኛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ስለዚህ ገጹን በሙሉ ለእነሱ ሰጠሁ። ስለ ሠርግ አልበም ዋጋ የጠየቃችሁኝ፣ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው እስራኤል፣ ነታንያ ነው፣ 23 ዓመቴ ነው። የሐበሻ ሠርግ ላይ ፎቶ አነሳለሁ፣ ካሜራዬም ጥሩ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሰርፍ ማድረግ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ከአሸዋው ላይ ሆኜ ሳነሳው ጉንዳን ነው የሚያክለው። ውሃ ውስጥ ገብቼ ከቅርብ ላነሳው እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ሃውዚንግ ልግዛ? ዋና እችላለሁ፣ ገንዳ ውስጥ 10 ዙር እመላለሳለሁ። እናቴ ግን ነገሩን ከሰማች ጀምሮ ምግብም በቅጡ አትበላ።

መልስ፦ በመጀመሪያ ጋሼነቱን እናስተካክል። ገና 41 ዓመቴ ነው።

ሃውዚንግ ምን ልግዛ ነው ያልሽው። ለጊዜው ምንም አትግዢ። ሃውዚንግ ማለት ካሜራው ተዘግቶበት ባህር የሚገባበት ሳጥን ነው። አዲሱ ከነመስታወቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ደግሞ በአብዛኛው ለአንድ ካሜራ ተለክቶ ስለሚሠራ ካሜራ የቀየርሽ ቀን እሱም አብሮ ይሰናበታል። ሠርግ ስንት ጊዜ ቆመሽ ያጠራቀምሽውን ብር ለሳጥን ከመስጠትሽ በፊት ባህሩ ይፈልግሽ አይፈልግሽ እንደሆነ እንይ።

10 ዙር ጥሩ ነው። ግን ገንዳ ግድግዳ አለው። በየ25 ሜትሩ ትነኪውና ሳይታወቅሽ ታርፊያለሽ። ባህር ላይ የሚነካ ነገር የለም። በዚያ ላይ አንድ እጅሽ የካሜራው ነው፣ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ፎቶ አንሺ የሚዋኘው በእግሩ ነው። ፈተናው ይኸውልሽ፦ ሳታርፊ 400 ሜትር ዋኚ፣ ከዚያ ሳትወጪ ጥልቁ ጋ ሁለቱንም እጅሽን ከውሃ በላይ አድርገሽ በእግርሽ ብቻ 10 ደቂቃ ቁሚ። ካቃተሽ ችግር የለም፣ መልሱ ልምምድ ነው። እኔ ራሴ ዋና የተማርኩት በ27 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሶደሬ ገንዳ ጥግ ይዤ መንፈራገጥን ዋና ነው ብዬ አምን ነበር።

ፊን ግን አሁኑኑ ግዢ። እግር ላይ የሚጠለቀው የጎማ መቅዘፊያ ነው። አጭሩን፣ ለሞገድ የሚሆነውን ምረጪ፤ ለጠላቂዎች የሚሠራው ረጅሙ ሞገድ ውስጥ ይጠልፍሻል። ከዚያ የ2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ግማሽ ድረስ ሙይና እንደ ካሜራ በቀኝ እጅሽ ይዘሽ ባህር ግቢ። ወንድምሽ ሲመጣ ፕላስቲኩን ደግነሽ አንሺው። ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። እኔ አንድ ወር ሙሉ የለስላሳ ጠርሙስ ይዤ ሞገድ ስደግን ነው የከረምኩት፤ አንድ ሽማግሌ ሰርፈር በየጠዋቱ እየመጣ ፎቶው ወጣልኝ ወይ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ እናትሽ ጭንቀት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ባህር ላይ ይህ አባባል ቃል በቃል እውነት ነው። ሞገድ ወደ ዳርቻ የገፋው ውሃ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል፤ አሸዋው ጎድጎድ ባለበት በኩል ተሰብስቦ ይመለሳል። እዚያ ጥልቅ ስለሆነ ሞገዱ አይሰበርም፣ አረፋም ብዙ የለም፣ እና ለማያውቅ ሰው ከባህሩ ሁሉ ደጉ ቦታ እሱ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ካሊፎርኒያ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በግራም በቀኝም ሞገድ እየተሰበረ መሃሉ ጸጥ ያለ ቦታ አየሁና እዚህ ሆኜ አነሳለሁ ብዬ ገባሁ። ቀና ስል ዳርቻው ላይ የነበሩት ጃንጥላዎች የቆርኪ ያህል ሆነዋል። ወደ ዳርቻ ቀዘፍኩ፣ ቀዘፍኩ፣ ጃንጥላዎቹ አላደጉም። ያዳነኝ ጉልበት አይደለም፤ መድከሜ ነው። ደክሞኝ በጀርባዬ ስንሳፈፍ ጅረቱ ወደ ጎን አዞረኝና ሞገድ ወዳለበት አወጣኝ፣ ሞገዱ ደግሞ ገፍቶ መለሰኝ። ዛሬ የማደርገው ያንኑ ነው፣ ግን አስቤበት፦ ከጅረቱ ጋር አልታገልም፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኜ ወደ ጎን እዋኛለሁ፣ ከወጣሁለት በኋላ ብቻ ወደ አሸዋው። ወንድምሽ ይህን ጅረት ያውቀዋል፤ ሰርፈሮች ወደ ውስጥ ለመግባት ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። የት የት እንዳለ ያሳይሽ።

የእናንተን ባህር በመጠኑ አውቀዋለሁ፤ አንድ ክረምት አሽዶድ ዘመዶቼ ጋ ከርሜያለሁ። ክረምት ስል የእናንተን ክረምት ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን። ጥሩ ሞገድ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ቆጵሮስ አካባቢ ማዕበል ሲነሳ። ችግሩ ደግሞ መጺሎቹ፣ የዳርቻው ሕይወት አዳኝ ጠባቂዎች፣ በአብዛኛው ዳርቻ ላይ የሌሉት ያኔ መሆኑ ነው። ስለዚህ ብቻሽን አትግቢ፣ በማዕበሉ ቀንም አትግቢ፤ ነፋሱ ወድቆ ሞገዱ መስመር ሲይዝ፣ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው ያንቺ ቀን። ጠባቂ ባለበት ወቅት ባንዲራውን እይ፤ ነጭ ከሆነ ግቢ፣ ቀይ ከሆነ አንቺን አይመለከትሽም፣ ጥቁር ከሆነ ማንንም አይመለከትም። ከድንጋይ ግድቦቹም ራቂ።

ሞገድ ሊሰበርብሽ ሲመጣ ጀርባ ሰጥተሽ ወደ ዳርቻ አትሩጪ። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው፣ የሚመታውም እዚህ ጋ ነው። ወደ ሞገዱ ዞረሽ፣ ሊደርስብሽ ሦስት አራት ሜትር ሲቀረው አየር ሳቢና ወደ ታች ግቢ፣ አሸዋውን በእጅሽ ያዢ። አንድ ቀን ውሃው የጠራ ሲሆን ዓይንሽን ገልጠሽ ቀና በይ፤ አረፋው ከላይሽ እንደ ተባዘተ ጥጥ ተጠቅልሎ ያልፋል፣ ድምፁ ግን እንደ ጭነት መኪና ነው። ካሜራ ስትይዢ ሃውዚንጉ ከፊትሽ ፊት ለፊት እንዳይሆን። ሞገድ ገፍቶ ጥርስሽ ላይ ሲያሳርፈው ምን እንደሚመስል የተጠገነ ጥርሴን አይቶ መረዳት ይቻላል።

ኢንተርኔት ላይ ዳርቻው ላይ ጥቅልል ሲል ከውስጡ ሆኖ ፎቶ የተነሳ ሞገድ አይተሽ ይሆናል። በዚህ የሚታወቀው የሃዋዩ ክላርክ ሊትል ነው። በ2007 ባለቤቱ ለመኝታ ቤት ግድግዳ የሚሆን ፎቶ ፈልጋ፣ እሱም ለምን እንገዛለን ብሎ ካሜራ ይዞ ባህር ገባ፣ እስካሁን አልወጣም ማለት ይቻላል። ግን ሰውየው እዚያ ዳርቻ ላይ ያደገ ሰርፈር ነው። አሸዋው ላይ የሚሰበር ሞገድ አንገት ይሰብራል። እሱን ለእሱ ተይለት።

ይህ ሁሉ አልፎ ካሜራ ያስገባሽ ቀን፣ ብዙ ሰው በዓሣ ዓይን ሌንስ፣ በጣም ሰፊ በሚያየው፣ ጀምሪ ይልሻል። እኔ አልስማማም። በእሱ ጥሩ ፎቶ ለማግኘት ሰርፈሩ በክንድ ርቀት ማለፍ አለበት፣ ጀማሪ ደግሞ በክንድ ርቀት ምንም ሊያልፍበት አይገባም። ጎፕሮም፣ ትንሿ የስፖርት ካሜራ፣ ያው ነው፤ ትንሽ ከራቅሽ ጉንዳኑ ተመልሶ ይመጣል። በ35 ወይም በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጀምሪ፣ ሞገዱ ከማይሰበርበት ጎን ሆነሽ፣ ከአምስት እስከ 10 ሜትር ርቀሽ። ሻተር ስፒዱን፣ ማለትም ካሜራው የሚያነሳበትን ፍጥነት፣ ከ1/1000 ሰከንድ አታውርጂ፣ እኔ 1/1600 እወዳለሁ። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ለራሱ ለካሜራው ተይለት፣ ፎከሱ ተከታታይ ይሁን፣ ከዚያ ሁሉንም አሸዋው ላይ ጨርሰሽ ግቢ። ውሃ ውስጥ ሆነው የተነሳውን ፎቶ የሚያዩ ሰዎች ቀጣዩን ሞገድ አያዩም።

ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ውሃው ለስላሳ ነው፤ ግን ነታንያ ከገደል በታች ስለሆነ የገደሉ ጥላ ከውሃው ላይ እስኪነሳ ታገሺ። ፀሐይ ወደ ባህሩ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ብርሃኑ ከሞገዱ ጀርባ ይመጣል፣ ሞገዱም እንደ አረንጓዴ ጠርሙስ ይበራል። ያኔ ወንድምሽ ጥላ ብቻ ይሆናል፣ ፊቴ አይታይም ብሎ ያኮርፋል።

ከእሱ ጋር አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንቺ ከቦታሽ አትነቃነቂ፣ የሚዞርሽ እሱ ነው። ሁለታችሁም አንድ ላይ ለመሸሽ ከሞከራችሁ አንድ ጎን ትገናኛላችሁ። ሊደርስብሽ ከሆነ መጥለቅ እንጂ ወደ ጎን መዋኘት የለም። የቦርድ ሥር ያለው ክንፍ ይቆርጣልና የራስ ቁር አድርጊ።

እናትሽንም ይዘሻቸው ውረጂ። ቡናቸውን በፔርሙስ ይዘው አሸዋው ላይ ይቀመጡ፣ ያንቺም የራስ ቁር ቀይ ይሁን፤ በየ15 ደቂቃው እጅሽን ታነሺላቸዋለሽ፣ ካላነሳሽ ለወንድምሽ ጓደኞች ይጮኻሉ። ሥራ ስትሰጫቸው ይበላሉ።

ጥያቄ፦ ሳንዲያጎ ነው የምኖረው፣ 52 ዓመቴ ነው። ከሰው ላይ ያገለገለ ሃውዚንግ ገዝቼ ሦስት ጊዜ ባህር ገባሁ። ከ600 ፎቶ የሚታየው አራት ነው፣ የቀረው ሁሉ የውሃ ጠብታ ነው። ግማሽ ሰዓት ስቆይ ደግሞ መስታወቱን ከውስጥ ጉም ይሸፍነዋል። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ አልተጭበረበሩም፣ ሁላችንም እዚያ ነበርን። ደግሞ ከ600 አራት ለሦስተኛ ቀን ጥሩ ነው።

ጠብታው የሚወሰነው በመስታወቱ ቅርጽ ነው። እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያበጠ ከሆነ መርጠብ አለበት፤ ጠፍጣፋ ከሆነ መድረቅ አለበት። ላበጠው መድኃኒቱ ምራቅ ነው። እንደሚመርቅ ሽማግሌ እንትፍ ይበሉበት፣ በጣትዎ ሁሉም ቦታ ያዳርሱት፣ ከዚያ ሰርፈሩ ሊደርስ ሲል ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው ያውጡት። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ውሃው ሳይቋጠር እንደ ስስ ሽፋን ይቆያል፣ ያቺን ጊዜ ነው ማንሳት። ጠፍጣፋ የብርጭቆ መስታወት ከሆነ ደግሞ ነጭ ሻማ ቀብተው በጨርቅ እስኪጠራ ይወልውሉት፤ ጠብታው ተንከባሎ ይወርዳል። ለመኪና መስታወት የሚሸጠውን ፈሳሽ ፕላስቲክ ላይ አይሞክሩት፣ ያበላሸዋል።

ጉሙ የሚመጣው እርጥብ አየር አብሮ ስለሚዘጋ ነው። ካሜራው ይሞቃል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ያርፋል። መኪና ማቆሚያው ላይ ሳይሆን ቤት፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ዝጉት፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶችም ሁለት ሦስት ይጨምሩ።

ያገለገለ ነው ስላሉ ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ፤ ኦሪንጉ። የሳጥኑን አፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ነው፣ መኪና የፈታ ሰው ጓርኒሲዮን የሚለው ዓይነት። እኔ ካሜራ ያጣሁት በአንድ ፀጉር ነው። የራሴ የጺም ፀጉር፣ ከጥፍር የማይረዝም፣ ቀለበቱ ላይ ተጋድሞ። በዚያ በኩል ውሃው ገባ። ሳልወጣ ነው ያወቅሁት፤ ሌንሱ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልቶ እንደ ብርጭቆ ሲወዛወዝ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ቀለበቱን አውጥቼ በደማቅ መብራት ሥር በጣቴ ዙሪያውን እዳስሰዋለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ የሲሊኮን ግራሶ እንዲያበራ ያህል ብቻ እቀባዋለሁ። ብዙ ግራሶ አሸዋ ይሰበስባል።

ለማንኛውም ነገ ሃውዚንጉን ያለ ካሜራ፣ ውስጡ ሶፍት አድርገው ዝጉትና ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጭነውበት 20 ደቂቃ ያቆዩት። ቁልፎቹን ሁሉ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይጫኑ። ሶፍቱ ከረጠበ ቀለበቶቹን በሙሉ ይቀይሩ። ከባህር ሲመለሱም በንጹህ ውሃ ዘፍዝፈው፣ አድርቀው፣ አፉን ወደ ታች ደፍተው ነው መክፈት።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ። ባህር በሌለበት አገር ይህን መለማመድ ይቻላል? ካሜራዬን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ ላንጋኖ ብገባስ? ሃውዚንግ ራሴ መሥራትስ?

መልስ፦ ከረጢቱ ለጸጥተኛ ውሃ ይሆናል፣ ለሞገድ አይሆንም፤ ሞገድ ይጨምቀዋል፣ መያዣም የለውም። ራስህ መሥራቱ ላይ አልስቅብህም። በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን ቦል የሚባል የጥርስ ሐኪም ውሃ የማያስገባ ሳጥን ራሱ ሠርቶ ነው ሰርፈሮችን ከቅርብ ያነሳው። ግን መጀመሪያ ካሜራህን ሳይሆን ሶፍት አስገብተህ ሞክረው፣ ከላይ ለሳንዲያጎው ሰው የነገርኳቸውን አንብብ።

ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ለእግር ልምምድ ይበቃሃል። ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ውስጥ ግን ለፎቶ ብለህ እንዳትገባ። ከሁሉ የሚሻለው መዋኛ ገንዳ ነው። ጥልቁ ጋ በእግርህ ብቻ ቁም፣ ታናናሾችህን ከዳር እየዘለሉ እንዲገቡ አድርግ፣ በ1/1000 አንሳቸው። ፊታቸው ከነጠብጣቡ ጥርት ብሎ የሚታይበት አንድ ስታገኝ ላክልኝ። ጀርባ አልቀበልም።