ጣሪያውም መጽሐፉም

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ለሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል እያስገነባን ነው። ተቋራጩ ቀሪውን ክፍያ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጨርሱልኝ ይላል። መጻሕፍትስ በምን እንምረጥ? (የኮሚቴው ጸሐፊ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩን ያዥ። እኔ አንድ ጊዜ አንዱን ተቋራጭ አምኜ ሙሉውን ከፈልኩ፤ በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ አንድ መደርደሪያ ተረት አበሰበሰብኝ። ስልኩም ዝም! ውሉ ላይ ከየክፍያው የሚቀር መያዣ ካለ፣ 5 በመቶም ቢሆን፣ የጅማ ክረምት እስኪፈትነው አትልቀቂ። ከሌለ ግን ጊዜያዊ ርክክብ፣ ማለትም ሥራው ሲያልቅ አይታችሁ የምትረከቡበት የመጀመሪያው ርክክብ፣ ሳይፈረም የመጨረሻው ክፍያ አይውጣ፤ የጎደለውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ አስፍሪ። «መስኮቱን እናስፋው» ሲልሽም ዋጋውን በጽሑፍ አምጣ በይው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩን ለሠራው ሥራ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ወረቀት ከሌለሽ ግን ክርክሩ አድካሚ ነው።

መጽሐፉን ደግሞ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪው። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ በልጆች እጅ ወር አይቆይም፤ በክር የተሰፋውን ውሰጂ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ የልጆቹ አፍ ሁለቱንም ያውቃልና። ከመግዛትሽ በፊት አንዷን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ገጽ አስነብቢያት። ሥዕሉን አይታ ገጹን ራሷ ከገለበጠች፣ ግዢው።