ቅባቱ ሲያሽለው፣ ሲተዉት የሚመለስ የጡት ጫፍ ቁስል

እህቴ፣ የግራ ጡትሽ ጫፍ አራት ወር ሙሉ እያሳከከ ይላጣል፤ ከመድኃኒት ቤት የገዛሽው ቅባት ያሽለዋል፣ ስታቆሚው ይመለሳል፤ የአልትራሳውንዱ ውጤት ደግሞ «ምንም የለም» ይላል። «ችፌ ነው ብዬ ልተወው ወይስ ለምርመራ የቆዳ ናሙና ልስጥ? ናሙናውስ ያምማል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስጪ። ሐኪም አይደለሁም፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ነገር ግን ይህንኑ ቁስል ሰባት ወር በነጠላ ሸፍኜ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የእኔ የጀመረው ገለባ በምታህል ቅርፊት ነበር። ማታ ማታ የጡት መያዣዬ ላይ ቢጫ ነጥብ አገኛለሁ። ጎረቤቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ፤ እሳት የነካኝ ያህል ለበለበኝ። ቀጥሎ የሄድኩበት ክሊኒክ ሐኪም ጡቴን ሳያይ የነገርኩትን ብቻ ሰምቶ ቅባት ጻፈልኝ። በእርሱ ብቻ አልፈርድም፤ እኔም ነጠላዬን ጨብጬ ነበር የተቀመጥኩት። ሦስት ቱቦ ቅባት ጨረስኩ። በተቀባሁ ቁጥር መቅላቱ ይጠፋል፣ እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ካንሰር ከሥሩ ባለበት ቆዳ ላይም ማሳከኩንና መቅላቱን ለጊዜው እንደሚያበርድ የተረዳሁት ኋላ ነው። ስለዚህ «ቅባቱ ይሠራል» ማለትሽ አላጽናናኝም፣ ይልቅስ ያሳሰበኝ እርሱ ነው።

ነገሩን የለወጠችው አንዲት ወጣት የቆዳ ሐኪም ናት። «እናቴ፣ ሁለቱንም ያሳዩኝ» አለች። ከዚያም እስካሁን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፦ ቁስሉ የጀመረው ከጫፉ ነው ወይስ በዙሪያው ካለው ጥቁር ክብ? ችፌ ብዙ ጊዜ ከክቡ ወይም ከዙሪያው ቆዳ ይነሣል፣ ሁለቱንም ጡት መያዙም የተለመደ ነው፣ በተለይ በምታጠባ ሴት። የእኔ ግን በአንድ ጡት፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ክቡ የተስፋፋ ነበር። ያንቺም «ከጫፉ ጀመረ» ብለሻል፤ ይህን ቃል ለሐኪምሽ ሳትረሺ ንገሪ።

የጠረጠረችው የፔጄት በሽታን ነው፤ በጡት ጫፍ ቆዳ ላይ የሚታይ የጡት ካንሰር ዓይነት። ስሙን ያገኘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. አሥራ አምስት ሴቶችን አይቶ ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፔጄት ነው። (ስሙን ስትፈልጊ የአጥንት በሽታ ቢወጣልሽ አትደናገጪ፤ በእርሱ ስም የሚጠራ ሌላ በሽታ ነው።) ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ላይ ብቻ ይታያል፣ ስለዚህ ሐኪሙም ቶሎ አያስበውም። የካንሰር ሴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከወተት ቱቦዎች ተነሥተው ወደ ጫፉ ቆዳ የሚወጡ ናቸው ይባላል። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ሴቶች ላይ ከቆዳው በታች ሌላ ካንሰር የሚገኘው፤ እብጠት በእጅ ባይዳሰስም።

ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ተነሣሁ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ደስ ብሎኝ ቦርሳዬን ሳነሣ «ፎቶው የቆዳውን ጥያቄ አይመልስም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የቆዳው ናሙና የፔጄት ሴሎች አሳየ፤ እነዚህ ሴሎች በአጉሊ መነጽር ሌላ የቆዳ ካንሰር ሊመስሉ ስለሚችሉ በተጨማሪ ማቅለሚያ ተለይተው ታዩ። ከሥሩም ከቱቦው ያልወጣ ካንሰር ተገኘ። ጫፉና ክቡ ከሥራቸው ካለው ሥጋ ጋር ተነሡልኝ፣ ከዚያ ጨረር ታከምኩ። የዚያን ታሪክ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ፤ አንቺ ገና እዚያ አልደረስሽም፣ ምናልባትም አትደርሺም፤ ችፌም ሊሆን ይችላል። ችፌ መሆኑን ግን ቅባቱ አይነግርሽም። ሐኪሙ ሌላ ቅባት ልጻፍልሽ ካለ «ናሙናው ይቅደም» በዪ፤ የሚወሰደውም ከጫፉ ራሱ መሆኑን ጠይቂ።

ያምማል ወይ ላልሽው፣ የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ ያምማል፤ ቦታው ስስ ነውና አላታልልሽም። ከዚያ በኋላ ግን ሲጫኑሽ ብቻ ነው የሚሰማሽ። በክብ መቁረጫ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቆዳ ወሰደችልኝ፣ አንድ ቦታ ሰፋችው፣ አለቀ። ናሙናውን እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ባለው ብልቃጥ አድርጋ ለእኔው ሰጠችኝ። ስሜና «ግራ» ወይም «ቀኝ» መጻፉን አይቼ፣ በሻሽ ጠቅልዬ ከምሳ ዕቃዬ ጎን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ አንቺም ጽሑፉን ሳታዪ አትውጪ። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ በየጉብታው ቦርሳውን ደግፌ ነበር። ላቦራቶሪው ስደርስ የተቀበለኝ ልጅ «የማን ነው እማማ?» አለኝ። «የእኔ» ስለው ወንበር ሳበልኝ።