በሽተኛው የት ደረሰ? ለወጣት ሐኪሞችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የኖርኩ ፓቶሎጂስት ነኝ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም፣ ክፍሌ መጥታ ጥናት ልትጀምር እንደሆነ ነገረችኝ። የጉበት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች በየትኛው ላይ ዕጢው እንደሚመለስ አስቀድሞ የሚጠቁም ፕሮቲን መፈለግ ነው ሐሳቧ። «የትኛውን ፕሮቲን ልምረጥ?» ስትለኝ፣ «ሕሙማኑ ዛሬ የት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ካርዳቸው አለ» አለችኝ። ካርዱስ አለ፣ ሰዎቹስ? ለእሷ በቃል የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የጉበት ዕጢ ንጹሕ ሆኖ ወጣ ከተባለ በኋላም በ5 ዓመት ውስጥ እስከ 70 በመቶ በሚደርሱት ላይ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ያላየው የዚያው ዕጢ ርዝራዥ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ዕጢ ነው፤ በሄፓታይተስ ቫይረስ፣ በአልኮል ወይም በሻገተ እህል መርዝ በአፍላቶክሲን የተጎዳው ጉበት ራሱ ያበቀለው። ስለ ዕጢው ጠባይ የሚናገር ፕሮቲን ስለ መጀመሪያው ብዙ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ስለ ሁለተኛው ግን የቀረውን ጉበት መጠየቅ ነው የሚሻለው። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም «ተመለሰ» ብለው በአንድ መዝገብ ያሰፈሩ ጥናቶች አጋጥመውኛል፤ ውጤታቸውን ለማመን እቸገራለሁ።

ከጠቋሚዎቹ ሁሉ አንጋፋው አልፋ ፌቶፕሮቲን ነው፤ ኤኤፍፒ የምንለው። ጽንስ ሳለን ጉበታችን በብዛት ይሠራዋል፤ ከተወለድን በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በደም ውስጥ እምብዛም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1963 ጋሪ አቤሌቭና ባልደረቦቹ ሞስኮ ላይ የጉበት ዕጢ ባላቸው አይጦች ደም ውስጥ አገኙት፤ በዓመቱም ዩሪ ታታሪኖቭ በጉበት ካንሰር ታማሚ ደም ውስጥ መኖሩን አሳየ። የካንሰሩ ሕዋስ የጽንስነት ሥራውን መልሶ ጀምሯል ማለት ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ኤኤፍፒ በየ6 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ።

ከገጠር የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤኤፍፒአቸው በሚሊ ሊትር 3200 ናኖግራም ነበር። በወሩ 110 ሆነ፤ ደስ አለን። 3200 አምስት ጊዜ ቢገመስ 100 ነውና ልክ ነበር። በሁለተኛው ወር 90 መጣ። «እየወረደ ነው» ተባለ፤ ወረቀቱን አይቼ እኔም አብሬ «እየወረደ ነው» አልኩ። ሒሳቡን ብሠራው ኖሮ ቁጥሩ 3 አካባቢ መድረስ እንደነበረበት አውቅ ነበር። እርሳስና ወረቀት ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ቀጣዩ ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ተሰጣቸው። ሲመለሱ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ነጠላ ውጤት ብቻዋን አላነብም፤ ያለፈውን አጠገቧ አስቀምጬ፣ የት መድረስ ነበረባት ብዬ እጠይቃለሁ።

ኤኤፍፒ ብቻውን አይበቃም። ሲሶ ያህሉ ሕሙማን ካንሰር እያለባቸውም ኤኤፍፒአቸው ከፍ አይልም፤ በእርግዝና ወይም በተቆጣ ሄፓታይተስ ደግሞ ካንሰር ሳይኖር ይጨምራል። ስለዚህ አጋዦች አሉት። ኤል3 የሚባለው የኤኤፍፒ ዓይነት የሚለየው ከምስር በሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ እናቶቻችን ለወጥ የሚለቅሙት ያው ምስር፣ ልዩ ስኳር የተሸከመውን ኤኤፍፒ አጥብቆ ይይዛል። ድርሻው ከ10 በመቶ ሲያልፍ ዕጢው ክፉ ጠባይ እንዳለው ይጠረጠራል። ፒቭካ ሁለት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ከጉበት ካንሰር ጋር የተያያዘ፣ ሥራው ሳያልቅ የተለቀቀ ፕሮትሮምቢን ነው፤ ፕሮትሮምቢን ደም እንዲረጋ የሚረዳ፣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን ለመጨረስ ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋልና፣ የቫይታሚን ኬን ሥራ የሚያግደውን የደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪንን፣ የሚወስድ ሰው ዕጢ ባይኖረውም ይጨምርበታል። በአገራችን በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚውጡ ወጣቶች ስላሉ፣ ውጤቱን ከማንበባችሁ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ጠይቁ።

አሁን ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ሥጋ ናሙናው ልግባ። ከዕጢው ላይ በአንቲቦዲ ቀለም የምናያቸው ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው። ሳይቶኬራቲን 19 ያለበት ዕጢ ቶሎ የመመለስ ዝንባሌ አለው፤ ኬአይ 67 ምን ያህሉ ሕዋስ በመከፋፈል ላይ እንዳለ ያሳያል፤ ግሊፒካን 3ም በብዙ ጥናቶች ከመጥፎ ውጤት ጋር ተያይዟል። ግን ሁሉም የሚመሠረቱት አንድ ሰው ዕጢውን ሲያወጣ በመጀመሪያው ሰዓት በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። አንድ ጊዜ የቆዩ የፓራፊን ብሎኮች፣ ማለትም በሰም ውስጥ የተቀመጡ ናሙናዎች፣ አውጥተን እነዚህን ቀለሞች ሠራን። ከዳር በደንብ ይቀባል፣ መሃሉ ባዶ ነው። ዕጢው የተለየ ጠባይ ያለው መስሎን ሳምንታት ተከራከርን። በኋላ ሲጣራ ናሙናው ዓርብ ከሰዓት ሳይቆረጥ እንዳለ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ተጨምሮ፣ ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፈሳሽ፣ በጥቂት ፎርማሊን፣ እስከ ሰኞ ቆይቶ ነበር። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ጉበት ደግሞ በራሱ ኢንዛይም ቶሎ የሚፈርስ አካል ነው። መሃሉ ፎርማሊን ሳይደርሰው በስብሷል። ያንን ክፍል «ፕሮቲኑ የለም» ብለን ብንመዘግብ ኖሮ፣ ስለ ዕጢው የጻፍን መስሎን ስለ ዕቃው እንጽፍ ነበር።

ስለዚህ ናሙናውን በስሱ ሸንሽኑት፣ ከመጠኑ አሥር እጥፍ ፎርማሊን አፍስሱበት፣ የወጣበትን ሰዓት በዕቃው ላይ ጻፉ። ጉበት በተፈጥሮው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን የሞላበት መሆኑንም አትርሱ፤ በአቪዲንና ባዮቲን የሚሠራ የቀለም ዘዴ ከተጠቀማችሁ የሌለውን ፕሮቲን እንዳለ አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ከቻይና ሁለት ትላልቅ ሥራዎች ወጡ። አንደኛው 110 ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያሉ ሕሙማንን ዕጢ መርምሮ በፕሮቲናቸው በሦስት ከፈላቸው፤ ዕድላቸው ከሁሉ የከፋው ክፍል ውስጥ ኮሌስትሮል የሚያጠራቅመው ሶአት1 የተባለ ፕሮቲን በዝቶ ተገኘ። ሁለተኛው ከሄፓታይተስ ቢ የመጣ ካንሰር ያለባቸውን 159 ሰዎች አጥንቶ ፒዋይሲአር2 እና ኤዲኤች1ኤ የተባሉትን ለትንበያ አቀረበ። ኤዲኤች1ኤ ጤነኛ ጉበት አልኮልን ለመፍጨት የሚጠቀምበት ኢንዛይም ነው፤ ዕጢው ይህን ሲያጣ የጉበትነት ሥራውን እየረሳ መሄዱን ያሳያል። ወጣቶች ይህን ሲያነቡ ዓይናቸው የሚያርፈው በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን በአንዴ በሚቆጥረው ማሽን ላይ ነው። እኔን ያስቀናኝ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ዕጢ፣ አጠገቡ ካለው ዕጢ ከሌለበት ጉበት የተቆረጠ ጥንድ ናሙና በሥርዓት ተቀምጧል፤ ባለቤቱም ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ታውቋል።

ማሽን የለንም ብላችሁ እንዳታዝኑ። ጉበት ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀው አልቡሚንም ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አልቢ የተባለው መለኪያ በአልቡሚንና ዓይንን ቢጫ በሚያደርገው በቢሊሩቢን ብቻ የጉበቱን ዐቅም ይመዝናል፤ የቀረው ጉበት ቀዶ ሕክምናውን ይችለው እንደሆነ፣ ሕመምተኛውም ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ብዙ ይናገራል። ሁለቱም በየሆስፒታላችን የሚሠሩ ምርመራዎች ናቸው።

ወደ ሬዚደንቷ ጥያቄ ልመለስ። ሕሙማን ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ በሚያሰላው የጥናት ስሌት ላይ ከክትትል የጠፋ ሰው እስከ መጨረሻ ቀጠሮው ድረስ በሕይወት ተቆጥሮ ከዚያ ይወጣል። ስሌቱ የጠፉትም የቀሩትም ዕድላቸው አንድ ነው ብሎ ያስባል። በእኛ አገር ይህ ይሠራል ብዬ አላምንም። የሚጠፋው የመሳፈሪያ ያጣው፣ የደከመው፣ ዘመድ «እዚሁ ጸበል ይጠመቅ» ብሎ ያስቀረው ነው። ብዙዎቹ የሚጠፉት ካንሰሩ ስለተመለሰ ይመስለኛል። እነሱን በዝምታ ካለፍናቸው ክፉውን ፕሮቲን ደግ አድርገን እናወጣዋለን፤ ያንን አምኖ የሚመጣው ሐኪም ደግሞ ቀጠሮ ያርቃል።

ጊዜ መጠበቅ በሀብታሞቹ አገሮችም ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲሰጡ የዕጢውን መመለስ እንደሚያዘገዩ ተነግሮ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር፤ ክትትሉ ሲረዝም ግን ጥቅሙ ጸንቶ አልቆየም። የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ግን ቫይረሱ ላለባቸው ሕሙማን የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል። ለዚሁ የሚሰጠው ቴኖፎቪር በእጃችን ያለ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ትንበያው ጥሩም ሆነ መጥፎ ቫይረሱን ሳታክሙ አትሸኙ፤ ልጆቻቸውን፣ ወንድም እኅቶቻቸውንና የትዳር ጓደኛቸውንም አስመርምሩ። እናንተም ተመርመሩ። ክትባቱ በአገራችን ከሌሎች የሕፃናት ክትባቶች ጋር መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ አብዛኞቻችሁ ከዚያ በፊት ተወልዳችሁ በየቀኑ ደም ትነካላችሁ።

ለሬዚደንቷ የሰጠኋት አንድ ደብተር ነው። በእጄ ያለፉ የጉበት ቀዶ ሕክምና ናሙናዎች ተመዝግበውበታል፦ የተሠራበት ቀን፣ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ የነበረው ኤኤፍፒ፣ አልቡሚን፣ የሥጋው ውጤት፣ በመጨረሻም «የት ደረሱ» የሚል ዓምድ። በዚህ ዓምድ ብዙ ክፍት ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ ታማሚ የራሱን፣ የአስታማሚውንና የአንድ ጎረቤት ስልክ ወስጃለሁ፤ ስለሚቀየር በእርሳስ ነው የጻፍኩት። ሁለታችን ረቡዕ ከሰዓት መደወል ጀምረናል። ባለፈው ረቡዕ አንዱን ጎረቤት አገኘናቸው፤ «አሉ፣ ማሳ ላይ ናቸው፣ ማታ ደውሉ» አሉን።