አይጧ ነቃች ማለት አላመማትም ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የጀማሪነት ጊዜዬ ትዝ አለኝ። የቤተ ሙከራ አይጦቹን በኬታሚንና በሜዴቶሚዲን አደንዝዛችሁ ሆዳቸውን ትከፍታላችሁ። ስትጨርሱ የሜዴቶሚዲን ማርከሻ በሆነው በአቲፓሜዞል ታነቋቸዋላችሁ። ማርከሻው የህመም ማስታገሻውንም አብሮ ያጠፋዋል ወይ ነው ያልሽው። አዎ፣ የሜዴቶሚዲኑን ድርሻ ያጠፋዋል።

ሜዴቶሚዲን የሚያስተኛውም ህመም የሚያስታግሰውም አልፋ 2 በሚባለው ተቀባይ፣ ማለትም መድኃኒቱ በነርቭ ሴሎች ላይ በሚያርፍበት ቦታ በኩል ነው። አቲፓሜዞል ከዚያ ሲያስለቅቀው እንቅልፉን ብቻ ለይቶ አይወስድም። የሚቀረው የኬታሚኑ ነው፤ እሱም ብዙ አይቆይም።

እኛ ጋ የሆነውን ልንገርሽ። ማርከሻውን ወጋናት፤ ትንሽ ቆይታ ተነስታ መራመድ ጀመረች። ደስ ብሎን ወደ ቀጣይዋ አለፍን። ሜዴቶሚዲን ራሱ ያስታግሳል ብለን ሌላ ምንም አልሰጠናትም ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሳያት ጥግ ይዛለች። ጀርባዋ ጎብጧል፣ ጸጉሯ ቆሟል፣ ዓይኗ ጠብቧል። ለጎጆዋ የሰጠናትን ወረቀት አልነካችውም። አሁንም ሳስበው ይከብደኛል።

ግን አቲፓሜዞልን ተዉት አልልም። አይጥ ትንሽ ናት፤ ተኝታ በቆየች ቁጥር ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ መንቃቷ ያድናታል። ብቻ አትቸኩሉ። ኬታሚኑ ገና ሳይበርድ ከሰጣችሁ ግትር ብላ እየተንቀጠቀጠች ትነቃለች።

ዋናው ነገር ማርከሻው የማይነካው ማስታገሻ ቀድሞ መግባቱ ነው። እኔ ሜሎክሲካም ከመቅደዳችን በፊት እሰጣለሁ፤ መንገዱ ሌላ ስለሆነ አቲፓሜዞል አይሽረውም። ቡፕረኖርፊን የተባለውን የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻም እጨምራለሁ። እሱ ሥራውን ለመጀመር ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ስትነቃ መስጠት ረፍዷል። ከማደንዘዣው ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ስለሚያዘገይ ትንፋሿን ተከታተሉ። ቁስሉ ጠርዝ ላይ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዘውን ቡፒቫኬይን ማድረግም በጣም ይረዳል።

ፌንታኒል (ሌላ የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ) ያለበትን ድብልቅ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የእሱ ማርከሻ ናሎክሶን ፌንታኒሉን ብቻ ሳይሆን ሰውነቷ ራሱ የሚያመነጨውን ማስታገሻም ይዘጋል። እዚያ ላይ ያለ ሌላ ማስታገሻ ማንቃት ጭካኔ ነው፤ ለስላሳ ቃል የለኝም።

ከነቃች በኋላ ፊቷን እዩ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአይጥን ህመም ከፊቷ የሚለካ መመዘኛ አለ፦ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ጆሮ፣ ጺም። ቆማችሁ አፍጥጣችሁ ካያችኋት ግን ትደብቃለች፤ ፈንጠር ብላችሁ ጠብቁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተራው ቡፕረኖርፊን በአይጥ ላይ ጥቂት ሰዓት ነው የሚቆየው፤ እስከ ጠዋት አያደርሳትም። እናንተ ጋ ማታ ገብቶ የሚደግምላቸው ሰው አለ?