መልስ፦ ከጫካው ይልቅ ቡናው ውስጥ ወፍ ለምን በዛ?

ቡናው ውስጥ ከጫካው የበለጠ ዓይነት ወፍ ቆጠርኩ ብለህ ጠይቀሃል፤ ቆጠራህ አልተሳሳተም። ጅማ አካባቢ የጥላ ቡና (በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና) ውስጥ ከአጠገቡ ካለው ጫካ የበለጠ ዓይነት ወፍ ማግኘትህ የሚጠበቅ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥናትም በጥላ ቡናው ያገኘው ዝርያ ከጫካው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። እና ቡናው ጫካውን ይተካል ወይ ላልከው፣ አይተካም።

ለምን እንደማይተካ ለማየት ዝርዝርህን ለሁለት ክፈለው። እንደ ዋኖስ ያሉ፣ ክፍት ቦታም የሚኖሩትን ለብቻ፤ ከጫካ የማይወጡትን ለብቻ። በተለይ ሥር ሥሩን ቁጥቋጦ ውስጥ ነፍሳት የሚለቅሙትን እያቸው። እነሱ የሚበዙት ጫካው ውስጥ ነው። ቡናው ሥር ይመነጠራላ! የጥላ ዛፎቹ፣ ሰሳውና ዋንዛው፣ ከላይ ቢቆሙም እነሱ የሚሸሸጉበት አይተርፍም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ቡናውን በማለዳ፣ ጫካውን ረፋድ ላይ እየቆጠርኩ ጫካው ባዶ መስሎኝ ነበር። ለካ ወፎቹ ዝም ብለው ነው። ሁለቱንም ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቁጠር፤ በማግስቱ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዓይንህ ይልቅ ጆሮህን እመን። ቅጠል ሥር ያለችውን ወፍ ድምጿን ካልሰማህ አታገኛትም።